ሳይሞላ የተነሳው አውሮፕላን

እናንተዬ፣ የአዳማ ሰው ርቀትን በምን እንደሚለካ ታውቃላችሁ? በኪሎ ሜትር እንዳትሉኝ! እኛ ሰፈር ሩቅ አገር ማለት መኪናው ቶሎ የማይሞላለት አገር ነው። መንገዱማ ምን አለው?

ጎረቤቴ ሀጂ ሰይድ ከሱቃቸው ሌላ አዳማና አቦምሳ የምትመላለስ ሚኒባስ አለቻቸው። ባለፈው ሰሞን የበኩር ልጃቸው ዘሃራ ለትምህርት ወደ ቻይና በረረች። ከአዲስ አበባ ጓንዡ ዐሥር ሰዓት ገደማ በአየር ላይ እንደምትቆይ ሲሰሙ፣ ሀጂ እህል አልቀምስ አሉ። ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ደጃፍ ተኮልኩለን ስልካቸው ላይ የምትሳበውን ሚጢጢ አውሮፕላን ስናይ ዋልን። ቀይ ባሕርን አለፈች፤ ሕንድን አለፈች። ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሁሉ "ቆይ እስቲ፣ ባሕር ላይ ናት!" እያሉ ያስቆሙታል። ገዢውም ስኳሩን ረስቶ አብሮን ያፈጣል። ያ ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ሰው ይዞ፣ የትም ሳይቆም! ጉድ አይደለም ትላላችሁ?

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ ገባሁ!"

"አልሐምዱሊላህ! ደከመሽ ልጄ?"

"ኧረ ምንም! ከጎኔ ሁለት ወንበር ባዶ ስለነበር ተጋድሜ ነው የመጣሁት።"

ሀጂ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ባሕሩም ሰማዩም እንዲህ አላስደነቃቸውም።

"ሁለት ሰው ጎድሎት ተነሳ?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ያውም ቻይና ድረስ?"

ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆሞ የሚጭነው ሾፌራቸው ነበር።

"ሀጂ፣ አብሽሩ! ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን።"