ስሜን አላውቅም ያለኝ ኮምፒውተር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ከመልአኩ ጋር ጠብ የለኝም። ቅር የሚለኝ ፊደሉን ሳይነግረን መሄዱ ብቻ ነው። ስሙን ሹክ ይልና ይበርራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጣጣ ለቀበሌ ጸሐፊ፣ ለትምህርት ቤት መዝጋቢ፣ ለኬላ ወታደር ይተወዋል። አገራችሁ ከተቀመጣችሁ ችግሩ እምብዛም አይታያችሁም። «ፀሐይ»ን በየትኛው ፀ ጻፍከው ብሎ የሚጨቃጨቅ የቄስ ተማሪ ካልገጠማችሁ በቀር በስማችሁ በሰላም ትኖራላችሁ። ድንበር ስትሻገሩ ግን ስማችሁም እንደ እናንተው ስደተኛ ይሆናል። የደረሰበትን አገር ልብስ ይለብሳል፣ ይከሳል፣ አንዳንዴም ጥርሱ ይወልቃል።

ስሜ ጌታሁን ነው። ቢያንስ እስከዚያ ሳምንት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ለአገሬ ሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ የሰውን ወረቀት ስካን አድርጌ በኮምፒውተሬ አስቀምጣለሁ። የአረብኛውን ቅጽ ጎረቤቴ ያለ ሱዳናዊ ጸሐፊ ይሞላልኛል። ለመጣው ሁሉ በነፃ የምለግሰው ምክር አንድ ነው፦ «ስማችሁን በየፊደሉ እዩ።» በአንዲት ፊደል ምክንያት ሰው ኬላ ላይ ሲቀር ስላየሁ ምክሬን ሳልሰጥ ማንንም አልሸኝም። አንዳንዱ ይሰማኛል፤ አንዳንዱ «እሺ» ብሎ ሳያይ ያጥፈዋል። እኔ ራሴ ግን መኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ ማለትም እዚህ ሁላችንም ኢቃማ የምንላት ካርድ ላይ፣ ምን ተብዬ እንደተጻፍኩ አላውቅም ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይኼው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አረብኛ ተናግሬያለሁ፤ ረክሻ ከምንላት ባጃጅ ነጂ ጋር ተከራክሬ የረታሁበት ቀን አለ። ማንበቡን ግን ነገ ነገ ስል ቀረሁ። ፊደሉ ከቀኝ ይነሣል፣ እኔ ከግራ እነሣለሁ፣ መሀል ላይ ሳንገናኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን።

ነገሩ የመጣው በአቧራ ነው። አንድ ከሰዓት ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሥቶ ከተማውን ቀይ ካለበሰ በኋላ ኮምፒውተሬ እንደ አስም በሽተኛ ማቃሰት ጀመረ። ተሸክሜ ዑስማን ወደሚባል ሱዳናዊ ጠጋኝ ወሰድኩት። ዑስማን እጁ የተባረከ፣ ጨዋ ሰው ነው። ከፍቶ ጠረገው፣ አንድ ሁለት ነገር ቀየረለት፣ ከዚያ «ያ ኡስታዝ፣ የሰው ወረቀት ሞልተህበት ያለ ቁልፍ ትተወዋለህ? ይኼ ዓይብ ነው፣ ነውር!» አለኝ። እውነቱን ነው። ምን ቃል ልስጠው ሲለኝ ብዙም አላሰብኩ፤ ስሜን አድርገው አልኩት። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ስሜ አይጠፋኝም ብዬ ነዋ። ደረሰኝ ሊጽፍልኝ ኢቃማዬን ተቀብሎ ፊቱ ዘርግቶት ነበር። ወደ ካርዱ እያየ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ሲከፈት አሳየኝ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ ጣቶቹን አላየሁም። ሻይ አዝዞልኝ ስለነበር ዓይኔ ብርጭቆው ላይ ነበር።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ተቀምጬ በላቲን ፊደል ጌታሁን ብዬ ጻፍኩ። ስሕተት ነው አለኝ። ቀስ ብዬ ደገምኩት። ስሕተት። በትልቁ ፊደል፣ በትንሹ ፊደል፣ አንድ ተጨማሪ «ኦ» ጣል አድርጌ፣ መጨረሻው ላይ «ኢ» ቀጥዬ ሞከርኩ። ዑስማን ዘንድ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሱቁ ድረስ ብሄድ ጎረቤቱ ለወንድሙ ሠርግ የትውልድ መንደሩ መሄዱን ነገረኝ። በሳምንት ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ። ካርቱም ውስጥ ኢንሻአላህ የተጨመረበት ሳምንት ስንት ቀን እንዳለው የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው።

ለእኔ ብቻ ቢሆን ዑስማንን ጠብቄ ሰባት ቀን አርፍ ነበር። ግን ስመለስ ዘሃራ በራፌ ላይ ቆማለች። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ስትሠራ ወረቀቷን ሁሉ የሞላሁላት እኔ ነኝ። እናቷ ታመዋል። «ዓይኗን ልየው» ብለው ልከውባታል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነበር፤ ማዳሟ ደግሞ ጠፍቷል ብላ ዓይኗን በጨው አጠበች። ስለዚህ ያላት መንገድ ሊሴ ፓሴ ማውጣት ነው፤ ፓስፖርት የሌለው ሰው አገሩ የሚገባባት አንዲት ወረቀት ናት። ለእሷም የጠፋውን ፓስፖርት ኮፒ እስከ ሐሙስ ቀትር ለኤምባሲው ማቅረብ አለባት። ቅዳሜ አብረዋት የሚሄዱ ሴቶች መኪና ይዘዋል፤ ካመለጧት ብቻዋን ያን መንገድ አትደፍረውም። ኮፒው በዚህ ዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ስሜን አላውቅም ያለኝ ኮምፒውተር ውስጥ። ይኼን ስነግራት አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «እጠብቃለሁ ጋሼ» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዴም ውስጥ ደግሞ ምሥጢር አያድርም። ወዲያው የሐበሻው ሁሉ መወያያ የእኔ ስም አጻጻፍ ሆነ። አንዱ መጥቶ «ጌ» በሁለት «ኢ» ነው የሚጻፈው ይለኛል። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ችግሩ «ሁ» ላይ መሆኑን አስረዱኝ። ያልጠየቅኩት ባለ ሱቅ «ስምህ እኮ ጌታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ጌታቸው ነው የምልህ» ብሎ ሊያሳምነኝ ሞከረ። ሰው ለካ ስሙን የሚያውቅለት ይበዛል! ረቡዕ ጠዋት ሳጃና ሰፈር ያለ ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። እሱ አላንገራገረም። ፎርማት ላድርግልህ፣ በአንድ ሰዓት እንደ አዲስ ይሆናል አለ። ውስጡ ያለውስ ስለው ውስጡ ያለው ይጠፋል አለኝ። ታቅፌው ተመለስኩ።

ዘሃራ ያው ወንበሩ ላይ ናት። የዑስማንን ስልክ ቁጥር እንደገና ለማየት ያወጣሁትን ደረሰኝ ተናድጄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እሷ አንሥታ አየችው። ደጋግማ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ደረሰኝ የእርስዎ ነው?»

«የማን ይሆናል ታዲያ?»

«የሌላ ሰው ስም ነው ያለበት። አረብኛው ቂታሆን ይላል።»

ማን ነው ቂታሆን? ኢቃማዬን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እሱም ላይ ቂታሆን ነው። «በልጅነቴ ቁርኣን ስቀራ ተምሬዋለሁ፤ ይኼ ቃፍ ነው ወላሂ፣ የእኛ ‹ቀ›» አለችኝ፣ ፊደሏን በጥፍሯ እየነካች። ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። ሱዳኖች ቃፍን «ገ» ብለው ነው የሚያነቡት፤ ስለዚህ የእኛንም «ገ» በቃፍ ይጽፉታል። ገዳሪፍ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማውን ሁሉም ገዳሪፍ ይለዋል፣ በእንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ በ«ኪው» ይጻፋል። ዑስማን ስሜን ከአፌ አልሰማም፣ ከካርዴ አረብኛ ነው ወደ ላቲን የገለበጠው። ለእሱ እኔ ድሮም በ«ኪው» ነበርኩ።

በ«ኪው» ጀምሬ ጌታሁንን ጻፍኩ። እምቢ አለ። ዘሃራ በትከሻዬ አጮልቃ «ከሀ በኋላ ያለችው ዋው ናት፤ ሆም ትሆናለች» አለች። «ዩ»ውን በ«ኦ» ቀየርኩ። እሱም አልሆነም። «የመጀመሪያዋንስ ‹ቂ› ነው ‹ቄ› ያሏት?» አለችኝ። በአረብኛው ቂ ነው ብላኝ የለ? የላቲኗን «ኢ» አውጥቼ «አይ» የሚባለውን ፊደል አስገባሁ። ተከፈተ።

ደስ አለኝ ብቻ ብል ዋሸሁ። አፍሬም ነበር። ስንቱን ሰው ስምህን እይ እያልኩ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው፣ ስሜን ያነበበችልኝ ወረቀት ልሙላልሽ የምላት ልጅ ሆነች። የፓስፖርቷን ኮፒ ሁለት አድርጌ አተምኩላት። እንደ ልማዴ ስምሽን በየፊደሉ እይ አልኳት። አየችው። ልክ ነው አለች። ሐሙስ ከቀትር በፊት ኮፒውን አስገባች፣ ሊሴ ፓሴዋም እጇ ገባ፤ ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት ከወሎ ደወለች። በሰላም ገብታለች። እናቷ ቀና ብለው መቀመጥ ጀምረዋል፣ ሾርባ ይቀምሳሉ። እየነገረችኝ ሳለ ከኋላዋ አንድ የደከመ የሴት ድምፅ «የሺ! አንቺ የሺ! ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ሲል ሰማሁ። ዘሃራ አፏን ከስልኩ ዘወር አድርጋ «አቤት እማ፣ መጣሁ» አለች።

ሦስት ዓመት በስንት ቅጽ ላይ በእጄ «ዘሃራ» ብዬ ጽፌያለሁ።

«የሺ ማናት?» አልኳት።

«እኔ ነኛ፣ ጋሼ፤ የቤት ስሜ ነው» አለችኝ።

በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና፣ እናቷ እየጠሯት ስለነበር ተውኩት።