የአርባ ሦስቱ ካናቴራዎች ቃለ ጉባኤ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ከማሸለቤ በፊት ጠረጴዛው ላይ የነበረው ይህ ነው፦ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ፣ አራት ፊርማ፣ አንድ ባዶ መስመር። ባዶው የእኔ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ።

ቃለ ጉባኤው ሐመልማል የተባለች ተማሪዬ ከትምህርት ገበታ ለዐሥር ቀን እንድትታገድ ይላል። የሚኒስትሪ ፈተና የሚሰጠው በእነዚሁ ዐሥር ቀናት ውስጥ ነው። ጥፋቷ ከጓደኞቿ ጋር አርባ ሦስት ካናቴራ አሳትማ መሸጧ ነው፤ ገቢው ሞዴስ መግዣ ለሌላቸው ልጆች። ካናቴራው ደረቱ ላይ «በደም ምክንያት ከክፍል አንቀርም» ይላል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ውብሸት «ደም የሚል ልብስ ሰንደቅ ዓላማ ፊት አይቆምም» አሉ። ይህን ሲናገሩ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ የደም ልገሳ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።

እኔ የስም መጥሪያውን አገላብጬ ቆጥሬአለሁ። በአንድ ክፍል ብቻ ዐሥራ አንድ ሴቶች በየወሩ ሦስት ወይም አራት ቀን፣ ሁልጊዜ በተከታታይ ይቀራሉ። ይህን ለኮሚቴው ተናገርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

በሕልሜ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ተማሪዎቹ በር ይጠብቃሉ፣ መምህራኑ ተሰልፈዋል። በዚያ አገር ቀይ ስክሪብቶ በወር አንዴ ያፈስሳል፤ የሚያፈስሰውም በወንዶቹ መምህራን የኋላ ኪስ ውስጥ ነው። ቀኑ ደርሶ ነበር። ከእነሱ ሦስቱ ቤታቸው ቀርተዋል። ለምን እንደቀሩ ማንም አልጠየቀም፤ ስማቸው ላይ ኤክስ ተደርጎ ታለፈ። ሐመልማል የእኔን የአንድ ሜትር ማስመሪያ ይዛ የመጡትን ትፈትሻለች።

አቶ ውብሸት ኮታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረሱ።

«አንተ፣ ኮትህ ወገብህ ላይ ምን ይሠራል?» አለቻቸው።

«በርዶኝ ነው፣ እትዬ።»

«ወገብህን ብቻ ነው የበረደህ?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ፍታው።»

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ሰው እያየ ነው። መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ሂድ። ውሃ ግን የለም፤ በሩም አይዘጋም።»

ወዲያው ሰልፉ የልብስ ማስጫ ገመድ ሆነ። አርባ ሦስቱ ካናቴራዎች ውስጣቸው ሰው ሳይኖር በእግር ኳስ ሜዳው ላይ ተሰልፈው መዝሙር ይዘምራሉ። እኛ መምህራኑ ትከሻችንን በመቆንጠጫ ተይዘን ተሰጥተናል። እኔ ከአቶ ውብሸት በስተግራ፣ አርባ ሳንቲሜትር ያህል ርቄ ነበርኩ። ሱሪያቸው ከኋላ ቀልቶ ጠብ ጠብ ይላል።

«ወላጅ አምጣ» አለቻቸው ሐመልማል ከታች ሆና።

«እናቴ እኮ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው።»

«ወላጅ ሳታመጣ አትወርድም።»

እናታቸው እትዬ ደብሪቱ መጡ። ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደ ገመዱ አንጋጠጡ።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«ልብሱ ላይ ነውር አለበት» አሉ ካናቴራዎቹ ባንድ ድምፅ።

እትዬ ደብሪቱ የልጃቸውን ሱሪ ትኩር ብለው አዩት። «እኔ ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁት በዚሁ ነው» አሉ። «ያኔ ወላጅሽን አምጪ ያለኝ የለም። ቀረች አሉና ወንበሬን ለሌላ ሰጡት።» ይህን ብለው ከሰልፉ አንዱን ካናቴራ ጠሩት። መጣላቸው። በቀሚሳቸው ላይ ደረቡት።

«እማዬ፣ አውልቂው። ሰው እያየን ነው» አሉ አቶ ውብሸት።

«ይየን። አንተን ስወልድ የፈሰሰው ቀለም መሰለህ?»

ሐመልማል ቃለ ጉባኤውን ወደ እኔ ዘረጋችው። አቶ ውብሸት ለዐሥር ቀን ይታገዱ ይላል።

«ፈርሚ» አለችኝ።

«ፈተናው አያመልጣቸውም?»

«የማን ፈተና?» አለች።

ስክሪብቶውን ስነካው ማፍሰስ ጀመረ።

«ቲቸር፣ ቲቸር።» ትርሐስ፣ ጸሐፊያችን፣ ትከሻዬን እየነካች ነበር። «የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ስክሪብቶዬን አነሳሁ። ባዶው መስመር ላይ «አልስማማም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ዐሥራ አንዱ ልጆች የቀሩበትን ቀን በየወሩ ዘረዘርኩና ፈረምኩ። ትርሐስ ቆማ አነበበችው። አልተቆጣችም። ወረቀቱን በጥንቃቄ ፋይሉ ውስጥ አስገባችው።

«ጥሩ ነው ቲቸር» አለች። «ለማንኛውም አራት ፊርማ ይበቃል።»

«የእገዳው ደብዳቤ እንግዲህ መቼ ይጻፋል?»

«ተልኳል እኮ። የሐመልማል እናት ፈርመው ወስደዋል።»

ቢሮዋ ድረስ ተከትያት ሄጄ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገቡን ከፈትኩ። ኮሚቴው የተሰበሰበው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። የእገዳው ደብዳቤ ወጪ የተደረገው በዚያው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።