የአባባ ገንዳና የከተማችን ውሃ

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ወንዝ ዳር የኖረ መሆን አለበት። የከተማ ውሃ የሚወስደው እያስጠበቀ ነው። አሰላ የኖረ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል፤ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅኖ፣ ጆሮውን ለደጁ ሰጥቶ ይተኛል። ውሃ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን መምጫውን አይናገርማ! ሲመጣም ወይ ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ነው፣ ወይ ሁሉም ሥራ ሲወጣ ነው፣ ወይ ደግሞ እኛ ቤት የመጣ ዕለት እንዳደረገው ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ለዚህ ለመጨረሻው ነው።

እኛ ጓሮ መዋኛ ገንዳ አለ። አዎ፣ አሰላ ውስጥ! ጭላሎ ተራራ ጉም ተከናንቦ በሚያድርበት፣ በሐምሌ ሰውን ፊቱን ለማስታጠብ ሽማግሌ መላክ በሚያስፈልግበት አገር፣ መዋኛ ገንዳ። ያስቆፈረው ድሮ ለእርሻ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። አባቴ ሾፌሩ ነበር። አባባን ዋና ያስተማረውም እሱ ነው፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ። ሰውየው አገሩ ገባ፤ ቤቱ ዞሮ ዞሮ ከብዙ ዓመት በኋላ አባባ እጅ ሲገባ ገንዳው ደርቆ ነበር። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ደረቁን ነው። እማዬ ገብስ ታሰጣበታለች፣ ለፋሲካ የተገዛ በግ ይታሰርበታል። አንዴማ የጎረቤት ጥጃ ገብቶበት መውጫ አጥቶ ሰፈሩን ሲጣራ ዋለ።

ታዲያ አባባን ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። ሩቁን አቦምሳን እንደ ጎረቤት ቤት ደርሶ የሚመለስ የነበረው ሾፌር፣ በረንዳ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ። እግሩን እየመጣች የምታሠራው ባለሙያ አንድ ቀን በወሬ መሃል፣ ሰውነት ውሃ ውስጥ ስለሚቀል እዚያ ቢሆን ኖሮ ተደግፈው ይራመዱ ነበር አለችው። እሷ ተናግራ ረሳችው፤ አባባ ግን ቃሏን ያዘ። ወዲያው ጠራኝና፣ ስሚ፣ የገንዳውን ፓምፕ አሠሪልኝ አለኝ። አባባ፣ የቱ ፓምፕ? ብለው፣ እንግዲያው ግዢ አለኝ። እማዬ፣ በዚህ ብርድ ሳንባህን ልታስመታ ነው ወይ ብላ ጮኸችበት። ቀትር ላይ ነው የምገባው አላት። እሷም፣ እንዲያ ከሆነ ሁለት በርሜል አፍልቼ እደባልቅበታለሁ አለች። ያንን የሚያህል ገንዳ ሁለት በርሜል እንደማያሞቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በርሜሎቹን አጥበን አስቀመጥንላት።

ከሮቤ የመጣ ገመቹ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ አገኘን። መዋኛ ገንዳ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ብለው፣ ውሃ ያው ውሃ ነው አቦ! አለኝ። የአባባን ፊት ባያችሁት! እኔ ዲግሪ የያዝኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልፈካም። ነገሩስ በወሬ ቀላል ነው፤ ውሃው ከገንዳው ወለል በፓምፕ ይሳባል፣ አሸዋ በሞላበት በርሜል አልፎ ይጣራል፣ በግድግዳው ቀዳዳዎች ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ሲዞር ይኖራል። ቀላል ያልሆነው የድሮው ቧንቧ ነበር። ገመቹ ወለሉን ፈልፍሎ ሲያወጣው ብረቱ እንደ ደረቅ ዳቦ እጁ ላይ ተፈረፈረ። ውስጡ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የእማዬ ገብስ! ስንት ዘመን በወለሉ ቀዳዳ እየገባ ተጠቅጥቆ፣ ዝናብ ሲያገኘው በቅሎ፣ ደግሞ ደርቆ። ሌላው ብቅል ለማብቀል ፋብሪካ ይተክላል፤ እኛ ቤት በቧንቧ ይበቅላል። አባባ በግማሽ ፊቱ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ወንበሩን ገንዳው አፋፍ ላይ አስገፍቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ይውላል። ከገመቹ ጋር በኦሮምኛ እየተጨዋወተ፣ እዚህ ጋ ነበር የሚስበው፣ እዚያ ጋ ነበር የሚተፋው እያለ በደህናው እጁ ያሳያል። የረሳው ነገር የለም፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። አዲሱ የፕላስቲክ ቧንቧ ተዘረጋ፣ ማጣሪያው ተተከለ፣ ፓምፑም ከአዳማ መጣ። በመጨረሻ ገመቹ የከተማውን መስመር ከአዲሶቹ ቧንቧዎች ጋር አገናኝቶ ቫልቩን ከፈተ። እሽሽሽ አለ። ነፋስ ነው፤ ውሃ ጠፍቷል። ክፍቱን ተዉት፣ ሲመጣ ራሱ ይሞላዋል አለን ገመቹ። አባባም ገለቶሚ ብሎ አመስግኖ፣ መርቆ ሸኘው። ክፍቱን ተውነው። እናንተስ ብትሆኑ አትተዉትም?

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፣ ጠብ አላለም። ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስገባ፣ አባባ ደህና አደርሽ እንኳ ሳይለኝ፣ መጣ? ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ። መጀመሪያ እየቀለድኩ ነበር የምነግረው፤ ዛሬ ደግሞ ሮቤን ዞሮ ሊመጣ ነው መሰለኝ እያልኩ። እየቆየ ያቺን አልመጣም የምትል ቃል መናገር ፈራሁ። እግሩ በየቀኑ እየከሳ ነበር፤ እሱ ደግሞ እግሩን አያይም፣ ጆሮው ቧንቧው ላይ ነው። ጨነቀኝና፣ አባባ፣ ለምን በቦቴ መኪና አናስሞላውም? አልኩት። ቦቴ የሚጠራው ለድግስና ለለቅሶ ነው፤ እኔ ገና አልሞትኩም! ብሎ ተቆጣኝ። ብለምነው፣ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። አባባን በሾፌርነቱ ዘመን ትራፊክ ፖሊስ ተከራክሮ ያላሸነፈውን እኔ ከየት አመጥቼ ላሸንፈው?

አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስገባ፣ መጣ? አላለኝም።

እድርተኛው ድንኳን ይዞ ደረሰ። የት ይተከል? ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ነፋሱም ካስማውን እየነቀለ አስቸገረ። የእድሩ ዳኛ ወዲያ ወዲህ ብለው አዩና፣ ከዚህ ገንዳ የተሻለ የለም፣ ከነፋስም የተከለለ ነው አሉ። ምን ይባላል? ለቅሷችን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ! ከላይ ድንኳን ተወጠረ፣ ከታች አግዳሚ ተደረደረ፣ ለቅሶ ደራሹ እያነባ በደረጃው ቁልቁል ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ በጥልቁ በኩል፣ ሴቶቹ ጥልቅ ባልሆነው በኩል። በዚያ ሐዘን መሃል ሆኜ፣ አባባ ይህን ቢያይ እንዴት በሳቀ እልና ከንፈሬ ፈገግ ሲል ይሰማኛል፤ ወዲያው ደግሞ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ።

በሣልስቱ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ቁጭ እንዳሉ ግድግዳው እሽሽሽ አለ። ሊያስተዛዝን መጥቶ ከሰዉ መሃል የተቀመጠው ገመቹ ብድግ አለ። ሌላው ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ውሃው በሁሉም ቀዳዳ ተንፎለፎለ! ምን ያለ ጉልበት ነበረው! ሰው ጫማውን አነሳ፣ አግዳሚ ተገለበጠ፣ የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ደረጃውን ሽቅብ ወጡ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ተስፈንጥሬ ተነሳሁና፣ በድንኳኑ አፍ ወደ በረንዳው ዞሬ፣ አባባ! መጣ! ብዬ ጮህኩ።

በረንዳው ላይ ወንበሩ ብቻ ነበር። ከዚያ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያልተሰማ ለቅሶ ተነሳ፤ ሊወጣ ደረጃ የጀመረውም ባለበት ቆሞ አለቀሰ።

ገመቹ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ቫልቩን ሊዘጋ ሮጠ። ያስቆመችው እማዬ ናት። ሁሉም ሲነሳ እሷ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፣ የጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ርሷል። ተው ልጄ አለችው፣ ለቅሶ ሊደርስ በመጣ ላይ በር አይዘጋም። ጎንበስ ብላ ውሃውን በመዳፏ ነካችው። እንዴት ይቀዘቅዛል፣ ለካ ሁለት በርሜል አይበቃውም ነበር አለች።

ውሃው ብዙም አልተቀመጠም። ሌላ ለቅሶ እንዳለበት ሰው የሁላችንንም እግር አርሶ፣ እሽሽሽ ብሎ ሄደ። ቫልቩን እስከ ዛሬ ክፍቱን ነው የተውነው። ለአርባው ግን ውሃ ያስመጣነው በቦቴ ነው።