ለሐኪም የተላጠ ሽንኩርት

እኛ ለእንግዳ የምንሰናዳ ሰዎች ነን። አዳማ ትልቅ ሰው ሊመጣ ነው ከተባለ የአስፋልቱ ጠርዝ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ እንግዳው ሲሸኝ ቀለሙም ትጋታችንም አብረው ይለቃሉ። ለሐኪምም እንዲሁ ነን። ስኳር ያለባችሁ አንባቢዎቼ የምለው ይገባችኋል። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ሻያችን መራራ ይሆናል፣ ለስላሳው ይረሳል፣ በባጃጅ የምንሄድበት መንገድ በእግር ይኬዳል። ጣታችን ተወግቶ ቁጥሩ ሲያምር ሐኪሙ ያመሰግነናል። እኛም ምስጋናውን ለማክበር በቀጥታ ኬክ ቤት እንገባለን።

በዚህ ጥበብ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። ዓይኔ ግን አልተባበረኝም። የግራው ቀድሞ ደክሞ ነበር፤ አምና ደግሞ የቀኙ መሐል ላይ ጉም ተቀመጠበት። ባለቤቴን ዘይቱናን ፊት ለፊት ሳያት ሻሿ ይታየኛል፣ ጉትቻዋ ይታየኛል፣ ፊቷ ግን የለም። ሠላሳ አራት ዓመት የለመድኩት ፊት ነው። ፈራሁ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። «አካም ጅርቱ ጋሼ?» ብላ ተቀበለችንና ነገሩን ለሁለታችንም አስረዳች። ስኳሩ ከዓይኔ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎድቷቸው ያፈስሳሉ፤ ደም ያጠረው የዓይን ክፍል ደግሞ «ድረሱልኝ» የሚል ንጥረ ነገር ይለቃል። ለጥናት ፈቃደኛ ከሆንኩ፣ ይህን የሚገታውን መድኃኒት ዓይኔ ውስጥ በመርፌ ከመውጋቷ በፊት ከዓይኔ ጠብታ ፈሳሽ ወስዳ የንጥረ ነገሩን መጠን ታስለካለች። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ያልገባውን ነገር ሐኪም የሚጠይቅ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓይን ፈሳሽ። እሱ ደግሞ ከእንባ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስለዚህ ተሰናዳሁ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ስኳር የነካውን አሮጌ እንባ አፍስሼ በአዲስ ልተካ ከቆቃ የመጣ ሽንኩርት ፊት ቁጭ አልኩ። ላጥኩ፣ ከተፍኩ፣ አለቀስኩ። ጓዳ ገብቼ የማላውቀው ሰውዬ የወር ሽንኩርት ጨረስኩ። ምክንያቴን ለዘይቱና ስነግራት «ደግ አስበሃል» ብላ ሌላ ዘንቢል አቀረበችልኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟን በኩራት «እንባዬን አጥርቼ መጥቻለሁ» አልኳት።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጋሼ፣ የምወስደው እኮ እንባ አይደለም፤ ዓይንዎ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። እዚያ ሽንኩርትም የሦስት ቀን ጾምም አይደርስም።»

እውነቷን ነው። ውጤቱ ሲመጣ ንጥረ ነገሩ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ያቺ ጠብታ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ኬክ አንድም ሳታስቀር ተናዘዘችብኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እወጋለሁ፣ ሻዬም ቀጠሮ ሳይጠብቅ መራራ ሆኗል። ሽንኩርቱ ግን በዚያው የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ አንድ ጠዋት ስልጥ ቆይቼ ቀና ብል ጉሙ ሳስቷል። የዘይቱና ፊት ተመልሷል፤ ዓይኗ፣ አፍንጫዋ፣ የጥርሷ ፍንጭት። አለቀስኩ፤ ይሄኛው እንባ ከሽንኩርቱ አልነበረም። ከዚያ ልብ ብዬ ሳያት ለካ እየሳቀች ነው።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሐኪሟ እንባ እንዳልሆነ የመጀመሪያው ቀን ነግራን ነበር እኮ። አንተ ራስህን ስትነቀንቅ እኔ አዳመጥኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ብቻዬን ስልጥ ማን ምን አለኝ?»

ያ ፊት ከጉሙ ጀርባ ሆኖ ስንት ወር እንደሳቀብኝ ፈጣሪ ያውቃል። አሁን ያመለጠኝን ለማካካስ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነው የምልጠው።