ሾፌር የሌላት መኪና እና የአማቴ ሳል

ሰው ጥፋቱን የሚጭንበት ትከሻ አያጣም። የመጓጓዣ ነገር ከተነሳማ ትከሻው የሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩ ከሌለ የረዳቱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው አይደል?

ኮሮና በገባ ሰሞን ሶዶ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው ጎረቤቴ፣ መምህር ዳዊት፣ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። ሾፌርም ረዳትም የሌላት፣ በኮምፒውተር ራሷን የምትነዳ ትንሽ መኪና! ትርፍ ሰው አትጭን፣ ብር ከእጅ ወደ እጅ አታዞር። "በአውቶቡስ ፈንታ እሷን ብናስገባ በሽታው መንገድ ያጣል" አለኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ ልቤ ሸፈተ።

በማግስቱ አስም የሚያስቸግራቸውን አማቴን፣ እማማ ማርታን፣ ይዤ ወደ ዱቦ ሆስፒታል በሚኒባስ ተነሳሁ። መድኃኒታቸው አልቆ ቀጠሯቸው ደርሶ ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶ እንዲሆን ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ እኛም እጥፉን ከፍለን ወንበሩን ሁሉ ሞላነው። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ "ጎንበስ በሉ!" አለ። የአገራችንን ተሳፋሪ ታውቁታላችሁ፤ በሌላ ነገር ተስማምቶ አያውቅም፣ ጎንበስ በል ሲሉት ግን አንድ ልብ ነው። አንዱ በሌላው ጭን ላይ ትንፋሹን እያፈሰሰ ፖሊሱን አለፍነው።

ቀና ስንል እማማ ማርታ ሳሉ።

በቃ! እስከዚያ ድረስ ጭኔን ተንተርሶ የነበረው ጎልማሳ ሳይቀር "ይውረዱ!" ብሎ ተነሳ።

"ኮሮና አይደለም ልጄ፤ አስም ነው፤ ድሮም አለብኝ" አሉ እማማ።

ማን ይስማ? ብለምን፣ ብቆጣ፣ ብሳደብ ወይ ፍንክች። ሾፌሩ እንኳ ዝም ብሎ ነበር፤ አስቁሞ በር ከፍቶ ያስወረደን ያው ተሳፋሪ ነው። ይህን ስጽፍም ደሜ ይፈላል። የአሮጊቷ ሁለተኛ እግር መሬት ሳይነካ ረዳቱ "ዱቦ! ሁለት ሰው የቀረ!" እያለ መጣራት ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ የቆመልን መኪና የለም። አማቴ በየዛፉ ጥላ ሥር እያረፉ፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ፣ ያለ መድኃኒት በእግራችን ወደ ሶዶ ተመለስን።

መምህር ዳዊት በራፉ ላይ ሆኖ ታሪኩን ሲሰማ ከልቡ አዘነ። "አይዞህ" አለኝ፣ "የእኔዋ መኪና ይህን ጣጣ ታስቀረዋለች። በሯ ላይ ሳልና ትኩሳት የሚለይ መሣሪያ አላት፤ የሚያስል ሰው ከመነሻውም አይሳፈርም።"

"ታዲያ ሆስፒታል የምታደርሰው ማንን ነው?"



"ጤነኞችን" አለኝ።