የአሥራ ሰባት ቁጥሩ ፓሻ

(ራስ ኤል-በር፤ አባይ ከባሕር የሚገናኝበት የግብፅ መዝናኛ ከተማ። የበጋው በዓል ቀን፣ ከቀትር በኋላ። በአንድ የጣፋጭ መሸጫ ግድግዳ ፊት ወንበሮች ተደርድረዋል። የከተማዋን ታሪክ የጻፉት ጡረተኛው መምህር ኡስታዝ ሩሽዲ ከረባታቸውን እያጠበቁ ያዛሉ። የዱሮው ጎጆ ሠሪ ሻልቢ መሰላል ላይ ቆሞ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ በሲሚንቶ ይለጥፋል። ሰሌዳው ላይ ታርቡሽ የደፋ ሰው ፊት ተቀርጿል።)

ሩሽዲ፦ ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ!

ሻልቢ፦ በእርስዎ ግራ ነው በእኔ ግራ?

ሩሽዲ፦ ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ዞረን የለም እንዴ? ግራችን አንድ ነው!

ሻልቢ፦ የተማረ ሰው ግራው ይለይ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሩሽዲ፦ አሁንም ጠማማ ነው።

ሻልቢ፦ ሰሌዳው ቀጥ ብሏል፣ ውሃ ልኩን ይዩት። የጠመመው የሰውየው አፍንጫ ነው።

ሩሽዲ፦ አፍህን ሰብስብ! የፓሻ አፍንጫ አይጠምም። ስማኝ ሻልቢ፣ አሥር ሰዓት ላይ አገረ ገዥው መጥተው ይህን ይመርቃሉ። የአዲሱን ሙዚየም ኃላፊ የሚሰይሙትም ዛሬ ነው። ሃያ ዓመት የለፋሁት ለዚች ቀን ነው። አንዲት ስሕተት ከተገኘች አለቀልኝ።

ሻልቢ፦ አላህ ያሳካልዎ። ጽሑፉ ምን ይላል? መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁ።

ሩሽዲ፦ (ደረታቸውን ነፍተው) «ዙልፊቃር ፓሻ ለአሥራ አራት በጋ ያረፉባት አሥራ ሰባት ቁጥር ጎጆ በዚህ ስፍራ ቆማ ነበር።»

ሻልቢ፦ በዚህ ስፍራ?

ሩሽዲ፦ መሰላልህ ካለበት ላይ!

ሻልቢ፦ ክረምት ክረምትስ የት ትቆም ነበር?

ሩሽዲ፦ ያ ረቢ! ክረምትማ፣ በብርዱ ወራት፣ አትቆምም። የዱሮ ጎጆዎች የሸምበቆና የሰሌን ነበሩ። መስከረም ላይ ይፈቱና በጀልባ ተጭነው ይሄዳሉ፣ ግንቦት ላይ ተመልሰው ይተከላሉ። መጽሐፌ ላይ አለልህ፣ ምዕራፍ ሦስት።

ሻልቢ፦ እኔ እኮ ነበርኩ ከአባቴ ጋር የምፈታቸው።

ሩሽዲ፦ ፈታህ እንጂ አልተመራመርክም።

ሻልቢ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ግን በየዓመቱ ከተማዋ ተጠቅልላ ሄዳ ስትመለስ፣ የፓሻው ጎጆ እዚሁ እንደተተከለች በምን አወቁ?

ሩሽዲ፦ በቁጥሯ! እያንዳንዱ ቁጥር በከተማዋ ፕላን ላይ የራሱ ቦታ አለው። ይህ ፊት የተቀዳበት አሮጌ ፎቶ ላይ ደግሞ ከበሩ በላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በረንዳው ላይ ፓሻው ተቀምጠዋል። ይህ ሳይንስ ይባላል።

ሻልቢ፦ ቁጥሩ በምን ነበር የተሰቀለው?

ሩሽዲ፦ በምስማር ነዋ!

ሻልቢ፦ ምስማር ደግሞ ይነቀላል።

ሩሽዲ፦ የፓሻን ቁጥር ማን ደፍሮ ይነቅላል? ይልቅ ሲሚንቶው ያዘ?

ሻልቢ፦ ትንሽ ይቀረዋል። እኔም ትንሽ ጥያቄ ይቀረኛል። እዚህ ቦታ ፍየሎች አልነበሩም?

ሩሽዲ፦ ፍየሎች?

ሻልቢ፦ አንዷ ነጭ ነበረች፤ ጋዜጣ እየበላች ሰው ታስቸግር ነበር።

ሩሽዲ፦ (ማስታወሻ እያወጡ) ፓሻው እንስሳት ይወዱ ነበር! አዲስ መረጃ ነው። ቆይ፣ አንተ በዓይንህ አይተሃቸዋል?

ሻልቢ፦ እኚህን ሰውዬ? (ወደ ሰሌዳው እያመለከተ) ወላሂ በደንብ አውቃቸዋለሁ። በባዶ እግራቸው ነበር የሚሄዱት።

ሩሽዲ፦ (እየጻፉ) ትሕትና!

ሻልቢ፦ ቀኑን ሙሉ ሰሌን ሲሰፉ ይውላሉ።

ሩሽዲ፦ የእጅ ሥራ አድናቂ!

ሻልቢ፦ ራታቸውን እኛ ጋ ነው የሚበሉት። ዓሣና ሽንኩርት።

ሩሽዲ፦ ከሰፊው ሕዝብ ጋር! ቀጥል፣ ቀጥል!

ሻልቢ፦ እናቴን አግብተዋል።

(የኡስታዝ ሩሽዲ እስክሪብቶ ይወድቃል።)

ሩሽዲ፦ ዙልፊቃር ፓሻ… እናትህን?

ሻልቢ፦ ፓሻው ምን በወጣቸው። ይሄ አባቴ ነው።

ሩሽዲ፦ አብደሃል! ታርቡሹስ? የሐር ካባውስ?

ሻልቢ፦ የፓሻው ነው። ፓሻው ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ባለጉዳይ በር ላይ ይሰለፋል፤ ልጄን ሥራ አስገቡልኝ የሚል፣ መሬቴን አስመልሱልኝ የሚል። ሲሰለቻቸው የቁጥሩን ሰሌዳ አስነቅለው እዚህ የነበረችው የእኛ ጎጆ ላይ አስመቱት፤ ፕላኑም እንደዚያው ተጻፈ። አባቴን ካባ አልብሰው በረንዳ ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ወንዙ ዳር ቁጥር በሌላት ጎጆ ተኝተው ይከርማሉ።

ሩሽዲ፦ ባለጉዳዩስ አላወቀም?

ሻልቢ፦ በምን ይወቅ? አባቴ ሁሉን በጥሞና ያዳምጥና «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» ይላል። ከፓሻው የሚለይበት ነገር አልተገኘም። ፎቶ አንሺውም እንደ ሰዉ መጣ፣ አንስቶት ሄደ።

ሩሽዲ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ… ለምን አልነገርከኝም!

ሻልቢ፦ መጽሐፉን ሲጽፉ ሦስት ጊዜ በርዎን አንኳኳሁ። «እኔ የምፈልገው ሰነድ እንጂ የጎጆ ሠሪ ወሬ አይደለም» አሉኝ። ሰነድ ከፈለጉ ብዬ ፎቶውን በፖስታ አሽጌ በበርዎ ሥር ከተትኩት።

ሩሽዲ፦ አንተ ነህ የላክኸው?! (መሰላሉን እየነቀነቁ) ንቀለው! አሁኑኑ ንቀለው!

ሻልቢ፦ (ሰሌዳውን በጣቱ አንኳኩቶ) አሁንማ ይዟል። ከነግድግዳው ካልሆነ አይወርድም። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ኡስታዝ፣ አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ይችን ከተማ በየግንቦቱ ተክሏታል፣ በየመስከረሙ ፈቷታል። መጽሐፍዎ ውስጥ ፓሻ አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ የልዕልቷ ውሻ እንኳ ከነስሟ አለች። አባቴ የለም። በጣም ቆጭቶኛል፣ ልዋሽዎት አልችልም። ስሙ ቢቀር ፊቱ ይቀመጥ አልኩ።

ሩሽዲ፦ (በሹክሹክታ) ሻልቢ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬን ብቻ አፍህን ያዝ።

ሻልቢ፦ እኔ ምን አፍ አለኝ? ተናጋሪው እርስዎ ነዎት።

(ማርሽ ባንድ ይሰማል። አገረ ገዥው ከነአጃቢዎቻቸው ይገባሉ። ሻልቢ ለመውረድ እንኳ ጊዜ አላገኘም። አገረ ገዥው ሰሌዳውን አዩ፤ ሻልቢን አዩ፤ እንደገና ሰሌዳውን አዩ። ያው አፍንጫ ነው። «ይህ ሰውዬ ከእኚህ ሰው ጋር ይዛመዳል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ኡስታዝ ሩሽዲ ዞረ።)

ሩሽዲ፦ (ላብ በላብ ሆነው) ክቡርነትዎ… ልጃቸው… ልጃቸው ናቸው። ሻልቢ ቤይ ይባላሉ።

(ጭብጨባ። አገረ ገዥው ራሳቸው የሻልቢን እጅ ይዘው ከመሰላሉ አወረዷቸው፤ «ታዲያ ለሙዚየማችን ከፓሻው ልጅ የተሻለ ኃላፊ ከየት ይመጣል?» አሉ። ደግሞ ጭብጨባ። ሻልቢ ቤይ የኡስታዝ ሩሽዲ ስም በተጻፈበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።)

ሩሽዲ፦ (ጎንበስ ብሎ፣ በጆሯቸው) ንገሯቸው እንጂ! ጎጆ ሠሪ ነኝ ይበሏቸው!

ሻልቢ፦ እኔማ እላለሁ። ቀጥሎ «ይህን ታሪክ የጻፈው ማነው?» ቢሉኝስ ምን ልበል?

ሩሽዲ፦ ተዉት። ተዉት፣ ቤይ።

ሻልቢ፦ ጎበዝ። በል መሰላሉን አንሣልኝ፣ የሰው መንገድ ዘግቷል። ነገ በጠዋት ሙዚየሙ ጋ ና፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል ጸሐፊ አደርግሃለሁ።

(ሩሽዲ መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል።)