የአቶ ቨርሊንን ድምፅ ከሸንተረሩ ማዶ ስለማምጣት የሆግሉንድ ቤተሰብ ያደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጁላይ 12
ቦታ፦ ሞንታና፣ ስታምፕ ክሪክ የካምፕ ሜዳ፣ ቁጥር 9፣ የእንጨቱ ጠረጴዛ
ሰዓት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 (ጥሪው የተደረገው ለ9 ሰዓት ነበር)

የተገኙ
1. አቶ ዳረል ሆግሉንድ፣ የአቶ ቨርሊን ልጅ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ላዶና ሆግሉንድ፣ የሰብሳቢው ባለቤት
3. ወ/ሮ ማርሊስ ኬምፕ፣ የአቶ ቨርሊን ልጅ፣ ነርስ
4. አቶ ዌንደል ኬምፕ፣ የወ/ሮ ማርሊስ ባለቤት፣ የሪፒተሩ ሠሪ
5. ወ/ሪት አርዲስ ሆግሉንድ፣ የአቶ ቨርሊን እህት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ
አቶ ቨርሊን ሆግሉንድ፣ የ82 ዓመት ሰው። ከጠዋት ጀምሮ ከሸንተረሩ ማዶ ባለው ሐይቅ ዓሣ በማጥመድ ላይ ናቸው። ስብሰባው ስለ እሳቸው ስለሆነ አልተጠሩም።

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት አሥራ ሁለት ደቂቃ በፈጀ ንግግር ነው። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ባለፈው ዓመት አቶ ቨርሊን እግራቸው ወለም ብሏቸው አምስት ሰዓት ሙሉ ሐይቁ ዳር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በዚህ ሸለቆ ስልክ አይሠራም፤ የእጅ ሬዲዮም ሸንተረሩን ተሻግሮ አይሰማም። ስለዚህ ከአንዱ ሬዲዮ የተቀበለውን ድምፅ መልሶ ለሌላው የሚያሰራጭ ሪፒተር በሸንተረሩ ላይ እንዲተከል፣ አቶ ቨርሊንም በየግማሽ ሰዓቱ ደኅንነታቸውን እንዲያሳውቁ፣ ካላሳወቁ ግን ወደ ሐይቁ መሄዳቸው እንዲቀር በፋሲካው ስብሰባ ተወስኗል።

አጀንዳ አንድ፦ የተከላ ሪፖርት

አቶ ዌንደል ከፋሲካ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ሆነው ሪፒተሩን በአሮጌ የጥይት ሣጥን ውስጥ እንደገጣጠሙት፣ ክብደቱ ከነባትሪው አርባ ሁለት ፓውንድ እንደሆነ፣ ዛሬ ጠዋትም ብቻቸውን ተሸክመው ሸንተረሩ ላይ እንዳወጡት ገለጹ። ሰብሳቢው ሣጥኑን ብቻቸውን ተሸክመው ያወጡት እሳቸው መሆናቸውን ገለጹ። ሣጥኑ ሁለት ጊዜ መውጣቱ ተመዝግቧል።

አንቴናው በደረቀ ጥድ ላይ ታስሮ ሙከራ ሲደረግ አቶ ቨርሊን ከሐይቁ ዳር ሆነው “ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ዓሣዎቹም ሰምተው ሄደዋል” በማለት መልሰዋል። ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ግን ከአቶ ቨርሊን ምንም ድምፅ እንዳልተሰማ ወ/ሮ ማርሊስ አሳሰቡ። ሰብሳቢው ጉዳዩ በአጀንዳ ሦስት የተያዘ መሆኑን አስታውሰው ወደ አጀንዳ ሁለት አለፉ።

አጀንዳ ሁለት፦ የሬዲዮ ቅጽል ስሞች

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል። የቤተሰቡ የሬዲዮ ፈቃድ ሁሉንም ዘመድ የሚያጠቃልል ሲሆን ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን መጥራት ያለበት ፈቃዱ ላይ የተሰጠውን መለያ ነው። ሕጉ ቅጽል ስም የሚል ነገር የለውም። ይህ በጸሐፊዋ ቢገለጽም ውይይቱ ቀጥሏል።

ሰብሳቢው “ነጭ ንስር” መባል ፈለጉ። አቶ ዌንደልም “ነጭ ንስር” መባል ፈለጉ።

ወ/ሮ ላዶና፦ “ንስር! ትናንት ድንኳን ውስጥ ሸረሪት አይቶ መኪና ውስጥ ያደረ ንስር!”
ሰብሳቢው፦ “ሴትዮ፣ እጅሽን አውጥተሽ ተናገሪ።”
ወ/ሮ ላዶና፦ “እጄ ባቄላውን እያማሰለ ነው።”

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም ነጭ ንስር እንዲባሉ፣ እንዳይምታቱም አንደኛና ሁለተኛ እንዲባሉ ተወሰነ። አንደኛው ማን እንደሆነ ለማጥናት ሁለቱ አባላት ያሉበት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ።

አጀንዳ ሦስት፦ የሪፒተሩ ዝምታ

አቶ ዌንደል ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ተናገሩ። ሰብሳቢው ጥፋቱን በዛፎቹ ላይ አደረጉ። ዛፎቹ ጠዋትም እዚያው እንደነበሩ ተገልጾላቸዋል። ወ/ሮ ማርሊስ ወንድማቸው ከቀትር በፊት ሣጥኑን “ለማየት” ብቻቸውን ወጥተው እንደነበር ሲያነሡ የሚከተለው ምልልስ ተደረገ።

አቶ ዌንደል፦ “ዳረል፣ የሣጥኑን ማጣሪያ ነካህብኝ እንዴ?”
ሰብሳቢው፦ “ምን ነካሁ? ስድስት ብሎን ግማሽ ድረስ ወጥቶ ስታይ ምን ታደርጋለህ? በካቻቢቴ ጥብቅ አደረግኩልህ። ማመስገን ሲገባህ!”
አቶ ዌንደል፦ “ወንድሜ፣ እነዚያ ብሎኖች የያዙት ነገር የለም እኮ! ሣጥኑ የሚናገረውን ከሚሰማው የሚለዩት እነሱ ናቸው። አንድ በአንድ፣ በመሣሪያ እየለካሁ፣ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ነው!”
ሰብሳቢው፦ “የላላ ብሎን አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ተፈጥሮዬ ነው።”
ወ/ሮ ላዶና፦ “እውነቱን ነው። የእናቴን መነጽር ፊቷ ላይ እንዳለ ነው ያጠበቀላት።”

አቶ ዌንደል ለጉባኤው ሲያስረዱ፣ ሪፒተሩ እየሰማ የሚናገር ዕቃ ስለሆነ ማጣሪያው ከተበላሸ የራሱ ጩኸት ጆሮውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ከራሱ በቀር ማንንም አይሰማም አሉ። ጸሐፊዋ ይህን ለመረዳት አልተቸገረችም፤ በዚያን ጊዜ ሰብሳቢውን እያየች ነበር።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።
3.1 ለተፈጠረው ችግር ተጠያቂ የሆነ ሰው የለም።
3.2 ተጠያቂ ያልሆኑት ሰብሳቢ ካቻቢቴ ይዘው ወደ ሣጥኑ ከሠላሳ እርምጃ ባነሰ ርቀት እንዳይጠጉ።

አጀንዳ አራት፦ የአቶ ቨርሊን ጉዳይ

አቶ ቨርሊን በተከታታይ ሳያሳውቁ በመቅረታቸው የፋሲካው ውሳኔ ተፈጻሚ እንዲሆን ወ/ሮ ማርሊስ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ዌንደል ጥፋቱ የሣጥኑ ሆኖ ሳለ ሰውየውን መቅጣት ፍትሕ አይደለም ብለው ተቃወሙ።

ወ/ሮ ማርሊስ፦ “ፍትሕህን እዚያው ያዘው! እኔ የምፈልገው አባቴን ነው። ተንሸራቶ ወድቆ ቢሆንስ?”

አቶ ዌንደል ተቃውሟቸውን አነሡ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ የአቶ ቨርሊን መቃጥን፣ ማለትም የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው፣ በሰብሳቢው መኪና ውስጥ እንዲቆለፍ፣ እሳቸውም ከነገ ጀምሮ ካምፑ አጠገብ ባለው ጅረት እንዲያጠምዱ ተወሰነ። በጅረቱ ውስጥ ዓሣ የለም። የተቃወመችው ጸሐፊዋ ናት።

ወዲያውም አንድ ሰው ሸንተረሩን ተሻግሮ አቶ ቨርሊንን እንዲያይ ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መንገዱ የአርባ ደቂቃ ነው። ሰብሳቢው ጉልበታቸውን፣ ወ/ሮ ላዶና ባቄላቸውን፣ ወ/ሮ ማርሊስ አዲሱን ጫማቸውን በምክንያትነት አቀረቡ። አቶ ዌንደል ሬዲዮው ድንገት ቢሠራ የሚሰማው ሰው ያስፈልጋል አሉ። ጸሐፊዋን የጠየቀ የለም። የሚሄደው ሰው ማንነት በይደር ተያዘ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

ከቀኑ 11 ሰዓት ከ35 ላይ አቶ ቨርሊን አራት ዓሣ አንጠልጥለው በእግራቸው መጡ። ወ/ሮ ማርሊስ ሥነ ሥርዓት ሳይጠብቁ ተነሥተው አቀፏቸው።

ወ/ሮ ማርሊስ፦ “አባዬ፣ ለምንድነው ያልጠራኸን? ነፍሴ ልትወጣ ነበር!”
አቶ ቨርሊን፦ “በየግማሽ ሰዓቱ ጠራሁ እንጂ። የሚመልስ ስላጣሁ እናንተ የሆነ ነገር ሆናችሁ ብዬ ዓሣው እየበላልኝ ጥዬ መጣሁ።”

ሰብሳቢው ስለ መቃጥኑ የተላለፈውን ውሳኔ በንባብ አሰሙ። አቶ ቨርሊን እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ሰሙ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

አቶ ቨርሊን፦ “ልጄ፣ ሬዲዮ ማን ጠየቃችሁ? ፋሲካ ላይ ‘ካለፈው ዓመት ወዲህ ብቻዬን መሄድ ያስፈራኛል፤ አብሮኝ የሚመጣ አለ?’ ነው ያልኩት። እናንተ ሣጥን ሠራችሁልኝ።”

ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳልቀረበ ተናግረው ጸሐፊዋ የፋሲካውን ቃለ ጉባኤ እንድታይ አዘዙ። ጥያቄው በገጽ ሦስት ላይ ተገኝቷል። ከጎኑ “ለቴክኒክ ኮሚቴ ተመርቷል” የሚል ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የጸሐፊዋ ነው።

ጸሐፊዋ ገጹን ለሁሉም አሳየች።

ውሳኔ

በፋሲካውም ሆነ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ነጭ ንስሮቹን ጨምሮ፣ ተሽሯል። ሪፒተሩ ከሸንተረሩ ይውረድ። መቃጥኑ ከባለቤቱ ጋር ይቆይ።

ጸሐፊዋ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ30 ላይ ከወንድሟ ጋር ወደ ሐይቁ እንደምትሄድ አስታወቀች። ሐሳብ ስላልሆነ ድምፅ አልተሰጠበትም።

አቶ ቨርሊን፦ “አርዲ፣ ታጣፊ ወንበርሽን ያዢ። እዚያ ስንደርስ ደግሞ የሰውን ስሕተት ማረም የለም፤ ዓሣ ይሸሻል።”

ጸሐፊዋ ዝም ለማለት ተስማምታለች። ነገ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስለማይኖር ስብሰባ አይደረግም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ላይ ባቄላው ስላረረ ሁሉም ተነሡ።

አርዲስ ሆግሉንድ፣ ጸሐፊ